የዶክተር ፍራንዝ ፋኖን ሕይወትና አሟሟት

ባለፈው ወር በክርክር ምሽታችን ላይ አንድ ጓደኛችን ስለ አፍሪካ ነጻነት ሲናገር፣ ዶክተር ፍራንዝ ፋኖንን አሜሪካኖች በሆስፒታል አልጋ ላይ መርዘው ገደሉት አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እውነቱን ለመናገር እኛም ከሌላው አብልጠን አጨበጨብን። ወደ መኝታችን ስንመለስ ግን አንድ ነገር ከነከነን። ይህን ማን ነገረን? የትስ አነበብነው? ብለን ራሳችንን ብንጠይቅ መልስ አጣን። የአንድ ታላቅ ሰው ሞት ያህል ነገር ሳንመረምር ተቀብለን ማጨብጨባችን አሳፈረን።

ስለዚህ መጻሕፍት ቤት ገብተን የሕይወት ታሪኩን አገላበጥን። እኛ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ስለ ሆንን የበሽታውን ነገር በሕክምና ትምህርት ላይ ያሉትን ጓደኞቻችንን ጠየቅን፤ እነሱም ሳይሰለቹ አስረዱን። ያገኘነው ታሪክ ካጨበጨብንለት ወሬ ይልቅ የሚያሳዝንም የሚያስተምርም ሆኖ ስላገኘነው እነሆ ለአንባቢያችን አቅርበነዋል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፍራንዝ ፋኖን ጁላይ 20 ቀን 1925 በማርቲኒክ ደሴት፣ ፎር ደ ፍራንስ በምትባለው ከተማ ተወለደ። ማርቲኒክ በካሪብ ባሕር የምትገኝ፣ ፈረንሳዮች በ1635 የያዟት ትንሽ ደሴት ናት፤ አብዛኛው ሕዝቧም ከአፍሪካ በባርነት ተግዞ የመጣ ሕዝብ ዘር ነው። አባቱ የጉምሩክ ሠራተኛ፣ እናቱ ባለ ሱቅ ነበሩ። ከስምንት ልጆች አንዱ የሆነው ፍራንዝ ብዙ ችግር ሳያይ አደገ፤ በደሴቲቱ ስመ ጥሩ በሆነው በሊሴ ሾልሼር ገብቶም ተማረ። በዚያ ያስተምሩ ከነበሩት መምህራን አንዱ ባለቅኔው ኤሜ ሴዜር ነበር።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ፋኖን ገና ልጅ ነበረ። ፈረንሳይ በጀርመኖች እጅ ስትወድቅ ግን ዝም ብሎ መቀመጥ አልሆነለትም። በ1943፣ 18 ዓመት ሳይሞላው፣ በድብቅ ባሕር ተሻግሮ ዶሚኒካ ደሴት ገባና ከነጻ ፈረንሳይ ጦር ጋር ለመሰለፍ ሞከረ። በ1944 በሰሜን አፍሪካ በኩል አልፎ ፈረንሳይ ምድር ላይ ወረደ፤ በምሥራቁ ግንባር ሲዋጋ ቆስሎ የጀግንነት ሜዳይ ተሸለመ። የሽልማቱን ወረቀት የፈረመው ኮሎኔል ራውል ሳላን ይባላል። ይህ ሰው ከዓመታት በኋላ በአልጄሪያ የፈረንሳይ ጦር ዋና አዛዥ ሆኖ ፋኖን የቆመለትን ሕዝብ የወጋ ነው። ወጣቱ ወታደር ለፈረንሳይ ደሙን ባፈሰሰበት ጦር ውስጥ ሳለ፣ ጥቁርና ነጭ ወታደር በአንድ ዓይን እንደማይታይ ተረዳ። ይህ ቍስል ከደረቱ ቍስል ይልቅ ሳይድን ቀረ።

ከጦርነቱ በኋላ በሊዮን ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተማረ፤ ከሕክምናም የአእምሮ ሕክምናን መረጠ። ጥቁር ሰው በነጮች ዓለም ውስጥ ስለሚደርስበት የመንፈስ ሥቃይ የጻፈውን ለመመረቂያ ሊያቀርብ ቢፈልግ መምህራኑ አልተቀበሉትም። እሱም አኵርፎ አልተቀመጠም፤ የፍሪድራይሽ በሽታ ስለሚባለው፣ ከወላጅ ወደ ልጅ ስለሚተላለፍ የነርቭ ሕመም ሌላ ጽሑፍ አዘጋጅቶ በ1951 ተመረቀ። ያን ያልተቀበሉትን ጽሑፍ ግን በ1952 ፓሪስ ላይ አሳተመው። ዛሬ ዓለም «ጥቁር ቆዳ፣ ነጭ ጭንብል» በሚል ርእስ የሚያውቀው መጽሐፍ ይህ ነው። ጽሑፋችን በመምህር ሲመለስብን ለምንበሳጭ ለእኛ ተማሪዎች ይህ ትንሽ መጽናኛ ሳይሆን አይቀርም።

በዚያው በ1952 ጆዚ የምትባል ፈረንሳዊት አገባ። በ1953 መጨረሻ በአልጄሪያ፣ ብሊዳ በምትባለው ከተማ በነበረው ትልቅ የአእምሮ ሆስፒታል የአንድ ክፍል ኀላፊ ሆኖ ተሾመ። ያገኘው ሆስፒታል በዘር የተከፈለ ነበር፤ አውሮፓውያን ለብቻ፣ እስላሞች ለብቻ ይተኛሉ። ፋኖን ታማሚ የሚታሰርበትን ገመድ አስፈታ፤ በሽተኞቹም እንደ ሰው እንዲሠሩ፣ እንዲጫወቱ፣ እንዲወያዩ አደረገ። መጀመሪያ በአውሮፓ የተማረውን እንዳለ ወስዶ ለአልጄሪያውያን ሲሞክረው አልሠራለትም። በኋላ ግን ስሕተቱን ገልጦ ተናገረ፤ ሰው በራሱ ልማድና ቋንቋ ካልታከመ አይድንም ብሎ በግቢው ውስጥ የአገሩ ዓይነት ቡና ቤት አስከፈተ፣ በዓላቸውን እንዲያከብሩ አደረገ። ስሕተቱን በአደባባይ መናገር የሚችል ሐኪም ምን ያህል ሰው እንደሚያድን አንባቢያችን ይፍረድ።

ኖቬምበር 1 ቀን 1954 የአልጄሪያ ሕዝብ ለነጻነቱ ጠመንጃ አነሣ። ከዚያ በኋላ የብሊዳ ሆስፒታል ሁለት ዓይነት ሰው ይመጣበት ጀመር። ቀን ቀን በወህኒ ቤት ተገርፎ አእምሮው የታወከ አልጄሪያዊ ይመጣል፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ሰው ሲገርፍ ውሎ ሌሊት እንቅልፍ ያጣ ፈረንሳዊ ፖሊስ ይመጣል። ፋኖን ሁለቱንም ያክም ነበር። በስውርም ለአልጄሪያ ነጻ አውጭ ግንባር ተዋጊዎች መጠለያና መድኀኒት ይሰጥ ነበር። በ1956 ግን በቃኝ ብሎ ለአገረ ገዥው የመልቀቂያ ደብዳቤ ጻፈ። በጃኑዋሪ 1957 ከአልጄሪያ ተባረረ። ቱኒስ ገባና ቀን በሆስፒታል እያከመ፣ ማታ በግንባሩ ጋዜጣ እየጻፈ ትግሉን ቀጠለ።

አሁን አንባቢያችን ልብ እንዲልልን የምንፈልገው ነገር ላይ ደረስን። ፋኖን በ1959 ስለ አልጄሪያ አብዮት ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ስለ ሕክምናና ስለ ቅኝ አገዛዝ አንድ ምዕራፍ ጽፏል። በዚያ ምዕራፍ የሚጠይቀው ጥያቄ ይህ ነው፤ የአልጄሪያ ገበሬ ልጁ በትኩሳት ሲቃጠልበት ወደ ፈረንሳዩ ሐኪም ለምን ቶሎ አይሄድም? ፈረንሳዮቹ፣ ይህ ሕዝብ ድንቍርና ስላለበት ነው ይሉ ነበር። ፋኖን ግን ሐኪሙ ከወታደሩና ከፖሊሱ ጋር አብሮ የመጣ ሰው መሆኑን ያሳያል። ገበሬው መድኀኒቱን የሚጠላ ሆኖ አይደለም፤ የሰጠውን እጅ ስለማያምን ነው። ስለዚህ ይዘገያል። ሲመጣም በሽታው ሥር ሰድዶ ስለሚመጣ ይሞታል፤ ሲሞትም ጎረቤቱ፣ ከሆስፒታል የገባ አይወጣም እያለ ይበልጥ ይፈራል። ፍርሃት መዘግየትን ወለደ፤ መዘግየት ሞትን፤ ሞትም መልሶ ፍርሃትን።

በዚሁ ምዕራፍ ስለ ተከለከሉ መድኀኒቶችም ይናገራል። ጦርነቱ ሲበረታ የፈረንሳይ ሹማምንት አንቲባዮቲክ፣ ኤተር፣ አልኮልና የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ለአልጄሪያውያን እንደ ልብ እንዳይሸጥ አገዱ። ገዢው ስለ በሽተኛው ማንነት ለፋርማሲው ዝርዝር መስጠት ነበረበት። በዚህ ምክንያት ጥይቱ ያልገደለውን ተዋጊ ቍስሉ ውስጥ የገባው ጀርም ገደለው። ነገር ግን ከራሱ ከሕዝቡ የወጡ ሐኪሞችና አስታማሚዎች ወደ መንደሩ ሲገቡ፣ ትናንት መድኀኒት እንቢ ይል የነበረው ገበሬ ዛሬ የተነገረውን ሁሉ አክብሮ መፈጸም ጀመረ። ይህን የጻፈው እጅ ከሁለት ዓመት በኋላ በራሱ ላይ ምን እንደሚደርስ አላወቀም።

ፋኖን ከ1958 ወዲህ ጕዞው በዛ። በዚያ ዓመት ዲሴምበር በአክራ ተደርጎ በነበረው የመላው አፍሪካ ሕዝቦች ጉባኤ ላይ ተገኘ። በ1959 በሞሮኮ ድንበር በኩል በመኪና ሲጓዝ አደጋ ደርሶበት የጀርባ አጥንቱ ተጐዳና ወደ ሮም ለሕክምና ተላከ። በ1960 የአልጄሪያ ጊዜያዊ መንግሥት አምባሳደር ሆኖ በጋና ተቀመጠ፤ በዚያው ዓመት ነጻ የወጡት የአፍሪካ መንግሥታት በአዲስ አበባ ሲሰበሰቡም ስለ አልጄሪያ ሊናገር ወደ አገራችን መጥቶ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ከማሊ ተነሥቶ በሰሐራ በረሃ በኩል ለአልጄሪያ ተዋጊዎች መሣሪያ የሚያልፍበትን መንገድ ሊያጠና ረጅም ጕዞ አደረገ። ከዚያ ጕዞ ሰውነቱ ደክሞ ተመለሰ።

በዲሴምበር 1960 ቱኒስ ላይ ደሙ ቢመረመር የደም ነቀርሳ፣ በሐኪሞች አጠራር ሉኪሚያ፣ እንደያዘው ታወቀ። ዕድሜው ገና 35 ነበር።

ለመሆኑ ሉኪሚያ ምንድን ነው? ጓደኞቻችን ያስረዱንን በተቻለን መጠን በቀላል ቋንቋ እንግለጠው። ደማችን የሚሠራው በአጥንታችን ውስጥ ባለው መቅኔ ነው። መቅኔው ሦስት ዓይነት ሕዋሳት ያወጣል። ቀዮቹ አየር ተሸክመው ወደ ሰውነት ሁሉ ያደርሳሉ፤ ነጮቹ ጀርም ሲገባ ተሰልፈው ይዋጋሉ፤ ፕላትሌት የሚባሉት ደቃቅ ሕዋሳት ደግሞ ቍስል ሲኖር ደሙን አርግተው ያቆማሉ። በሉኪሚያ ጊዜ መቅኔው ልጓሙን በጥሶ ነጭ ሕዋስ ያለ ልክ ያመርታል። የስሙም ትርጕም በግሪክ ቋንቋ ነጭ ደም ማለት ነው። ይሁን እንጂ ሲበዛ ጥሬው ሕዋስ መዋጋት አያውቅም፤ ቦታውን ብቻ ይይዛል። በዚህ ምክንያት ለሚዋጉት ነጭ ሕዋሳት፣ ለቀዮቹም፣ ለፕላትሌቱም ስፍራ ይጠፋል። ሰውየው ይገረጣል፣ ይደክማል፣ ያለ ምክንያት ይደማል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ጠባቂ አጥቶ መቅረቱ ነው።

ብዙ ሰው ሉኪሚያ ራሱ ይገድላል ብሎ ያስባል። እኛም እንዲሁ መስሎን ነበር። ጓደኞቻችን ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚገድለው በተከፈተው በር የሚገባው ነገር መሆኑን አስረዱን። በጤነኛ ሰው አፍ፣ ቆዳና አንጀት ውስጥ ያለ ጕዳት የሚኖር ጀርም አለ፤ በዚህ በሽተኛ ግን ወደ ደሙ ይገባና በሰዓታት ውስጥ ሰውየውን ይጥለዋል። ከዚህም አልፎ ጤነኛ ሰው በሕይወቱ ሙሉ የማይታመምባቸው እንግዳ በሽታዎች ይመጡበታል። በአፈርና በአቧራ፣ በእርጥብ ድርቆሽም ላይ የሚበቅለው አስፐርጊለስ የሚባለው ሻጋታ አንዱ ነው። እኛ ሁላችን ዘሩን በየቀኑ እየሳብን ምንም አንሆንም፤ ነጭ ሕዋስ ያጣው ሰው ሳንባ ላይ ሲያርፍ ግን የደም ሥሩን እየበሳ ያድጋል። ኒሞሲስቲስ የሚባለውም እንዲሁ ነው፤ ደካማውን ሰው እየፈለገ ሳንባውን ያፍናል።

በጣም ያስደነቀን ሌላም ነገር ነገሩን። መግል ማለት አብዛኛው ክፍሉ ጀርም ሲዋጉ የወደቁ ነጭ ሕዋሳት ክምር ነው። እንግዲህ ነጭ ሕዋስ የሌለው ሰው መግል ከየት ያመጣል? የሳንባ ምች ይዞት አክታ ላያወጣ ይችላል፤ የደረቱ ራጅም መጀመሪያ ላይ ንጹሕ ሊመስል ይችላል፤ ቍስሉም ላያብጥ ይችላል። ሐኪሙ የተማረው ምልክት አብዛኛው ይጠፋል። ብዙ ጊዜ የሚቀረው አንድ ምልክት ትኩሳት ብቻ ነው። ስለዚህ በእንዲህ ያለ በሽተኛ ዘንድ ትኩሳት እንደ ተራ ነገር አይታይም፤ ቤቱ ሲቃጠል እንደሚሰማ ጩኸት ነው።

ፋኖን ሐኪም ስለ ነበር ምን እንደያዘው ከማንም ይልቅ ያውቅ ነበር። የአሜሪካ መንግሥት የጤና ምርምር ሆስፒታል ከዋሽንግተን ከተማ አጠገብ ቤቴስዳ በምትባለው ስፍራ እንዳለና የዚህ በሽታ ሊቃውንት በዚያ እንደ ተሰበሰቡ ተነገረው። እሱ ግን ጥቁር ሰው በመንጋ ተይዞ በሚሰቀልበት አገር አልታከምም ብሎ እንቢ አለ። በዚያ ፈንታ በ1961 መጀመሪያ ላይ ወደ ሶቪየት ኅብረት ሄደ። በሞስኮ የተሰጠው ሕክምና ለጊዜው አሻለውና ወደ ቱኒስ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ የሠራው ሥራ ለማመን ያስቸግራል። ቀኑ የተቈጠረ መሆኑን እያወቀ፣ በ1961 የጸደይና የበጋ ወራት ውስጥ፣ በጥቂት ሳምንታት ብቻ «የምድር ጐስቋሎች» ብለን ልንተረጕመው የምንችለውን መጽሐፍ ጻፈ። እየተመላለሰ ይናገራል፤ ሌላ ሰው ይጽፍለታል። በመካከሉም ወደ ድንበር እየሄደ ለአልጄሪያ ጦር መኰንኖች ትምህርት ይሰጥ ነበር። በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ ያስገባው ስለ ፖለቲካ ንድፈ ሐሳብ ሳይሆን የበሽተኞቹን ታሪክ ነው፤ የተገረፈውንም የገረፈውንም፣ ብሊዳና ቱኒስ ላይ እንዳያቸው። እስከ መጨረሻው ሐኪም ነበር ማለት ነው። በበጋው ሮም ላይ ፈላስፋውን ዣን ፖል ሳርትርንና ሲሞን ደ ቦቯርን አገኘ፤ ሳርትርም መቅድሙን ጻፈለት።

መኸር ሲገባ በሽታው ተመልሶ ጠናበት። አሁን የቀረው መንገድ ያ እንቢ ያለው መንገድ ብቻ ነበር። በኦክቶበር 1961 መጀመሪያ ላይ ዋሽንግተን ገባ። ጕዞውን በማዘጋጀት በኩል የአሜሪካ የስለላ ድርጅት፣ ሲ.አይ.ኤ.፣ እጅ ነበረበት፤ አንድ የድርጅቱ መኰንንም ይከታተለው ነበር። ይህ በኋላ በግልጥ የታወቀ ነገር ነው። ነገር ግን ወዲያው ሆስፒታል አልገባም። ሳምንት ያህል በሆቴል ክፍል ውስጥ ያለ ሕክምና ተቀመጠ። ለምን እንደ ሆነ ዛሬም ያከራክራል። ጠባቂ የሌለው ደም ይዞ በሆቴል አልጋ ላይ ሳምንት መቀመጥ ምን ማለት እንደ ሆነ ግን ከላይ የተናገርነውን ያነበበ ሁሉ ይረዳዋል።

ኦክቶበር 10 ቀን ኢብራሂም ፋኖን በሚል ስም ሆስፒታሉ ተቀበለው። ሐኪሞቹ ደም እየለወጡ ሰጡት። ሚስቱና የስድስት ዓመት ልጁም መጡ። ሲሞን ደ ቦቯር እንደ ጻፈችው፣ አንድ ቀን ጧት ሲነቃ ሌሊቱን በልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ አስገብተው እንዳጠቡት ለሚስቱ ነገራት። ትኩሳትና መድኀኒት ያመጣው ቅዠት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ስለ ቅኝ ተገዥ በሽተኛ ፍርሃት ያን ያህል የጻፈው ሰው ራሱ ያን ፍርሃት ለብሶ በባዕድ አልጋ ላይ መተኛቱን ስናስብ ልባችን ይነካል። መጽሐፉ በኖቬምበር መጨረሻ ፓሪስ ላይ ታተመ፤ ፖሊስ ወዲያው ይለቅመው ጀመር። አንዱ ቅጅ ግን አምልጦ ቤቴስዳ ደረሰለትና በእጁ ያዘው። ከጥቂት ቀን በኋላ፣ ዲሴምበር 6 ቀን 1961፣ የሳንባ ምች ይዞት ሞተ። ዕድሜው 36 ነበር።

ሬሳው በአውሮፕላን ወደ ቱኒስ ተወሰደ፤ ከዚያም የነጻነት ጦር ወታደሮች ተሸክመው ድንበሩን አሻገሩና በአልጄሪያ መሬት ላይ ቀበሩት። አልጄሪያ ነጻነቷን ያወጀችው ከሰባት ወር በኋላ፣ በጁላይ 1962 ነው። የብሊዳ ሆስፒታል ዛሬ በስሙ ይጠራል።

እንግዲህ ወደ ጭብጨባችን እንመለስ። ፋኖንን መርዘው ገደሉት ለሚለው ነገር ማስረጃ አላገኘንም። ያለ መርዝ ለመሞቱ ግን በቂ ምክንያት አገኘን። በዚያው በቤቴስዳ ሆስፒታል ከ1954 እስከ 1963 ባሉት ዓመታት በኀይለኛ ሉኪሚያ የሞቱ 414 በሽተኞች ታሪክ ተመርምሮ በ1965 ታትሟል። ከሁሉ ይልቅ የገደሏቸው ሁለት ነገሮች ናቸው፤ የጀርም በሽታና የደም መፍሰስ። ፋኖን በዚያ የተኛው በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ነው። በ1966 ደግሞ የዚያው ስፍራ ሐኪሞች የሚዋጋው ነጭ ሕዋስ ቍጥር ባነሰና ማነሱም በረዘመ መጠን የጀርም በሽታ እንደሚበዛ በቍጥር አሳዩ። በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ከ1,000 በታች ሲሆን አደጋው ይጀምራል፤ ከ100 በታች ሲወርድ እጅግ ይከፋል። በ1961 ሐኪሞቹ ይህን ገና እየተማሩት ነበር። እንዲህ ያለውን በሽተኛ ቶሎ ከሚገድሉት ጀርሞች አንዳንዶቹን የሚመቱ መድኀኒቶችም ገና አልተገኙም ነበር።

ዛሬ ነገሩ ተለውጧል። ከ1971 ወዲህ፣ ነጭ ሕዋስ ያነሰው በሽተኛ ትኩሳት ሲይዘው የጀርሙ ስም እስኪታወቅ ሳይጠበቅ አንቲባዮቲክ መጀመር ደንብ ሆነ፤ አሁን የሚመከረው በአንድ ሰዓት ውስጥ እንዲጀመር ነው። ከ1977 ወዲህ ኒሞሲስቲስን አስቀድሞ የሚከላከል መድኀኒት ታወቀ። ለሻጋታውም መድኀኒት አለ። በ2001 ደግሞ ለአንዱ የሉኪሚያ ዓይነት በየቀኑ በአፍ የሚወሰድ ኪኒን ተፈቀደ፤ በዚህ ኪኒን ብዙ ሰዎች ሥራቸውን እየሠሩ ለዓመታት ይኖራሉ።

ታዲያ ከዚህ ምን እንማር? አንዳንድ ጓደኛችን፣ ፋኖን በኩራቱ ዘግይቶ ሞተ ሊል ይችላል። እኛ እንዲህ አንልም። እንቢ ሲል ምክንያት ነበረው፤ በገባም ጊዜ ሆቴል ውስጥ ማስቀመጣቸው ያለ ምክንያት እንዳልፈራ ያስመሰክራል። ሌላው ደግሞ፣ ጠላት ገደለው ብለን ብንተወው ምን ነውር አለው ይለናል። ነውሩ ይህ ነው፤ ገዳዩን በስም ሳናውቅ ሌላውን ከእሱ ማዳን አንችልም። ፋኖን ራሱ የጻፈልን ትምህርት ይኸው ነበር። የተበደለ ሰው ሐኪም ቢጠራጠር አይፈረድበትም፤ ጀርሙ ግን ጥርጣሬው እስኪነጋለት አይጠብቅም። ስለዚህ በሽተኛ ሳይፈራ፣ በትኩሳቱ የመጀመሪያ ሰዓት የሚሮጥበት የራሱ ሆስፒታል፣ የሚያምነውም የራሱ ሐኪም ያስፈልገዋል። ነጻነት ባንዲራ መስቀል ብቻ አይደለም ስንል ይህም አብሮ ይታሰበን።

ከእኛ ከተማሪዎችም የሚፈለግ አንድ ትንሽ ነገር አለ። ጓደኞቻችን እንደ ነገሩን፣ ለእንዲህ ያለ በሽተኛ የሚሰጠው ፕላትሌት ከተቀዳ በኋላ ሳይበላሽ የሚቆየው ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ብቻ ነው። ዛሬ የተሰጠው ለሚቀጥለው ወር አይደርስም፤ ሁልጊዜ አዲስ ሰጪ ያስፈልጋል። እኛ ይህን ጽሑፍ ከመጨረሳችን በፊት ሦስት ሆነን ደም ባንክ ሄደን ነበር፤ አንዱ ጓደኛችን መርፌውን ፈርቶ ከበር ተመለሰ፣ በሚቀጥለው እንደሚመጣ ግን ቃል ገብቶልናል።

በሚመጣው የክርክር ምሽት እጃችንን አንሥተን ያለፈውን ጭብጨባችንን ልንመልስ አስበናል። ያ ተናጋሪ ጓደኛችን እንደማይቀየመን ተስፋ እናደርጋለን፤ እሱም እንደ እኛ ፋኖንን ከመውደዱ የተነሣ የተናገረው ነውና።